ፒኖኪዮ በደሴ፦ ትንንሾቹ ለምን አለቀሱ፣ ትልልቆቹስ ለምን አጨበጨቡ?

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ውስጥ በፕሮጀክተር ለተማሪዎችና ለወላጆች ፊልም እናሳያለን። በቅርቡ ዳይሬክተር ጊየርሞ ዴል ቶሮ የሠራውን፣ ነፍስ ስለተዘራበት የእንጨት ልጅ የሚተርከውን ፒኖኪዮ አሳየሁ። አኒሜሽን ስለሆነ የልጆች ነው ብዬ ነው፤ እንግሊዝኛውን እኔው በማይክ እየተረጎምኩ አየነው። አዳራሹ ግን ተከፋፈለ። ትንንሾቹ አለቀሱ፤ የገረመኝ ደግሞ ፒኖኪዮን መኪና ሲገጨው ዝም ብለው አይተው አባትየው ሲቆጣው ነው ያለቀሱት። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ሙሶሊኒ የመጣበት ላይ አዳራሹን በጭብጨባ አናጉት። አንድ አባት ‹ነፍስ የሚሰጠው አላህ ብቻ ነው› ብለው ልጃቸውን ይዘው ወጡ። አንዲት እናት ‹በስቅለቱ ተቀለደ› ብለው አዘኑብኝ። የአንዲት ተማሪዬ አያት ግን እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ እስከ መጨረሻው አይተው ‹ተረትማ እንዲህ ነው› ብለውኝ ሄዱ። ርዕሰ መምህሩ ሁለተኛ እንዳይታይ ብለዋል። ችግሩ ፊልሙ ነው ወይስ ተመልካቹ? ደግሜ ላሳየው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦

መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። መልሱን ላስቀድምልዎ። ደግመው ያሳዩት፤ ለትንንሾቹ ግን አይሁን። ለትልልቆቹም ቢሆን ማሽኑን ከፍቶ ዳር ከመቆም ያለፈ ሥራ አለብዎት። «ፊልሙ ወይስ ተመልካቹ» ላሉት፣ በአንዱ ላይ መፍረድ ይከብደኛል። አዳራሹን የከፈለው እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ይዞት የመጣው ነገር ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ከቤት ተይዞ የሚመጣው ነገር ይህን ታሪክ ብዙ ቦታ ላይ ይነካዋል። የማስተምረው ሥነ ቃልና ፊልም ስለሆነ ስለ ልጆች የምለውንም በዚያው ልክ ይውሰዱልኝ።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። አኒሜሽን የአሠራር ዘዴ ነው፤ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ አይነግርዎትም። ዴል ቶሮ ራሱ ኦስካሩን ሲቀበል መድረክ ላይ ይህንኑ ተናግሯል፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቶ በ2023 በምርጥ አኒሜሽን ዘርፍ የተሸለመ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው ደረጃም ወላጅ አስቀድሞ አይቶ እንዲወስን የሚያሳስብ ነው፤ ጨለማ ጭብጥና ግጭት እንዳለበት ተጽፎበታል። ርዝመቱ 117 ደቂቃ ነው። ሌላው ሁሉ ይቅርና የስድስት ዓመት ልጅን በማያውቀው ቋንቋ ለሁለት ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ማስቀመጥ በራሱ ቅጣት ነው።

አሠራሩም የራሱ ድርሻ አለው። ይህ ፊልም እውነተኛ አሻንጉሊቶችን በእጅ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ፣ በየንቅናቄው ፎቶ እያነሱ የተሠራ ነው። የሚያዩት እንጨት ክብደት አለው፣ ጥላ ይጥላል፣ ጀርባው ላይ የተመቱት ምስማሮች ይታያሉ። ፒኖኪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሳበትን ትዕይንት ያስታውሱ። እጅና እግሩ ወደማይሆን አቅጣጫ እየተጣጠፈ በጨለማ ውስጥ ሲንቋቋ፣ የቀረጸው ሽማግሌ ጄፔቶ ደንግጦ ሲሸሽ፣ ዳይሬክተሩ አውቆ የአስፈሪ ፊልም ዘዴ ነው የተጠቀመው። ትንሽ ልጅ ደግሞ ፈጥኖ የሚፈራው መልኩ የሚያስፈራውን ነው፤ ከፍ ያለው የሚፈራው ሊደርስ የሚችለውን ነው። ይህ በልጆችና በፊልም ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ነገር ነው።

ጨለማውን ግን ዴል ቶሮ አላመጣውም። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮሎዲ ታሪኩን እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ በአንድ የልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ያወጣው ነበር። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ፒኖኪዮ የሚመክረውን ፌንጣ በመዶሻ ወርውሮ ይገድለዋል። አሥራ አምስተኛው ላይ ሽፍቶች ፒኖኪዮን ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል፤ ኮሎዲም ታሪኩን እዚያው ላይ ጨርሶት ነበር። አንባቢው ግን እምቢ አለ። ልጆቹ «ይቀጥል» ብለው ጻፉ፣ ጋዜጣውም ገፋፋው፤ ደራሲው የሞተውን አስነስቶ እስከ ሠላሳ ስድስተኛው ምዕራፍ አደረሰው፣ በ1883 መጽሐፍ ሆነ። ዛሬ የምናውቀው ፒኖኪዮ የተረፈው በተመልካች ቁጣ ነው ማለት ይቻላል። ርዕሰ መምህርዎ የመጀመሪያው ተቆጪ አይደሉም፤ ካሉትም ውስጥ ለዘብተኛው ናቸው።

የ1940ው የዲስኒ ፊልም ይህን ሁሉ አለዘበው ይባላል። እኔ ግን እዚያም ወደ አህያነት ተለውጠው በሣጥን የተጫኑት ልጆች እስከ መጨረሻው ሳይመለሱ እንደሚቀሩ ለሰው ባስታወስኩ ቁጥር «እንዴ፣ እውነትም» ይሉኛል። ዘፈኑ ደስ ስለሚል ይመስለኛል ማንም የማያስተውለው።

አያትየው «ተረትማ እንዲህ ነው» ያሉት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛም ቤት ተረት ገር ሆኖ አያውቅም። ጭራቅ ልጅ ይበላል። የእንጀራ እናት የባሏን ልጅ ጫካ ታስጥላለች። ጅብ ከወንዙ ላይኛው በኩል ቆሞ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» ይላታል፤ እሷም ነገሩ ስለገባት «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» ትላለች፣ ይበላታል፣ ተረቱም ያልቃል። ማንም አያድናትም። ይህን ሰምቶ ያላደገ ልጅ የለም፤ ሰምቶም እንቅልፍ ያጣው ብዙ አይደለም።

ልዩነቱ ያለው ተራቹ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ማታ ራት ተበልቶ እሳቱ ዳር ስትተርት ያደገች አያት ተረቱን በቃሏ ብቻ አይደለም የያዘችው፤ የልጁን ፊት እያየች ነው የምትተርተው። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ጅቡን ሞኝ ታደርገዋለች። ትልልቆቹ ሲሰለቹ ጥርሱን ታረዝመዋለች። አንዱ ዐይኑን ሲጨፍን «ሰማህ ወይ አንተ» ብላ ትጠራዋለች። ከዚያ በፊት ደግሞ ፈቃድ ጠይቃለች፦ «ተረት ተረት» ትላለች፣ ልጆቹ «የላም በረት» ካላሏት አትጀምርም። ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ በሩን ዘግታ ነው የምታስተኛቸው። ልጁ የት እንደገባና መቼ እንደወጣ ያውቃል። ፕሮጀክተር ይህን ሁሉ አያደርግም። የሚያለቅሰውንም የሚያዛጋውንም እኩል በሰከንድ በሃያ አራት ፎቶ ይነዳዋል። እርስዎ ማይክ ይዘው ሲተረጉሙ ልጆቹ እንደ ተራች ነው ያዩዎት፤ ፍጥነቱ ግን በእጅዎ አልነበረም።

አሁን ወደ ለቅሶው ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ እኔን የያዘኝ እሱ ነው። መኪና ሲገጨው ዝም፣ አባትየው ሲቆጣው ለቅሶ።

ሞቱ ላይ ዝም ማለታቸው አይገርምም። ልጆች ሞት የማይመለሱበት መሆኑን የሚረዱት በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። ፊልሙም ለዚህ ዕድሜ አመቺ ሆኖ ይነግራቸዋል፦ ፒኖኪዮ ይሞታል፣ ጥቋቁር ጥንቸሎች ካርታ ሲጫወቱ ያገኛቸዋል፣ የሰዓት መለኪያው አሸዋ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ይመለሳል። ጥንቸሎቹ ያስቃሉ። ከዚያም በላይ የወሎ ልጅ ሞትን ከመጋረጃ ጀርባ አያየውም። ቅሬ፣ የወሎው እድር፣ ሲጠራ እናቱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ድንኳን ሲተከል ካስማ ያቀብላል፣ ሙስሊሙ ክርስቲያኑን ክርስቲያኑ ሙስሊሙን ሲያስተዛዝን እያየ ነው የሚያድገው።

የጄፔቶ ቁጣ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው ካርሎ የሚባል ልጁን በቦምብ አጥቷል፤ ከእንጨት የቀረጸው ፒኖኪዮ እንደ ካርሎ አልሆንልህ ሲለው፣ ደክሞትና ተስፋ ቆርጦ፣ ለምን እንደ እሱ አትሆንም፣ ሸክም ሆንክብኝ ይለዋል። አዋቂው እዚያ ላይ የሚያየው ልጁን የቀበረ አባት ነው፤ ያዝንለታል። የስድስት ዓመት ልጅ የጄፔቶን ሐዘን የሚያይበት ዐይን ገና አላወጣም። እሱ የሚያየው አባት ፊቱን ሲያዞር ነው። በዚያ ዕድሜ ከዚህ የሚበልጥ ፍርሃት የለም። እኛም ደግሞ ሳናስበው ይህን ቃል በየቤቱ እንጠቀምበታለን፦ «እንደ ወንድምህ ብትሆን ምን ነበረበት»፣ «አንተ ልጅ ልትጨርሰኝ ነው»። እርስዎም ሲተረጉሙ እንግሊዝኛ አልነበረም የሰሙት፤ የአባታቸውን ድምፅ ነው።

ከዚያ የሚቀጥለውን ልብ ብለውታል? ፒኖኪዮ ያንኑ ሌሊት ከቤት ይወጣል። አንደኛው ምክንያት ወታደር ሊያደርጉት የሚፈልጉ ባለሥልጣናት መኖራቸው ነው። ሌላው ግን ከትርኢት ነጋዴው ጋር ሠርቶ ለአባቱ ገንዘብ ሊልክ፣ ሸክም መሆኑ ሊቀር ነው። ነጋዴው ይልክልሃል ይለዋል፤ አይልክም፣ ለራሱ ያደርገዋል።

ይህ ታሪክ ጣሊያን አገር ነው የሚካሄደው። ነገር ግን ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከወረባቦ፣ ከከሚሴ ስንት ልጅ ነው በዚህ መንገድ የወጣው? በባቲ አድርጎ ወደ አፋር፣ ከዚያ ጂቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ሐሳቡ ሁሉ ሳዑዲ። ለእናቱ ቤት ሊሠራ፣ ለእህቱ ትምህርት ሊከፍል። መሐል ላይ ያለው ደላላም እንደ ፊልሙ ነጋዴ አፉ ጣፋጭ ነው። አዳራሽዎ ውስጥ ከተቀመጡት ልጆች መካከል እናታቸው ጅዳ ወይም ሪያድ ሆና ከአያት ጋር የሚኖሩ እንዳሉ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ለእነዚህ ልጆች አንድ ሰው በሌሊት ጓዙን ይዞ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ መውጣቱ ተረት አይደለም። አያትየው ያለቀሱት በየትኛው ትዕይንት እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ ቢጠይቋቸው ግን ደስ ይለኛል።

በዚህ ምክንያት ነው «ፊልሙ ለእኛ ባህል አይሆንም» የሚለውን የማልቀበለው። ችግሩ ከመራቁ አልመጣም፤ እንዲያውም በጣም ቀርቦ ነው። የቀረበ ነገር ደግሞ ሳይዘጋጁበት ሲመጣ ያማል።

ሙሶሊኒ ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። የፊልሙ ሙሶሊኒ አጭር፣ አገጩን የሰቀለ፣ በራሱ የተደሰተ ሰውዬ ነው። ፒኖኪዮ ፊቱ ቆሞ ስለ ሰገራና ስለ ፈስ እየዘፈነ ያላግጥበታል። ሙሶሊኒም ልጁ እንዲተኮስበትና ቴአትር ቤቱ እንዲቃጠል ያዛል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በዓለም ላይ ሁሉ በሰገራ ቀልድ ይስቃል፤ የጭብጨባው ግማሽ ከዚያ ነው፣ አናጋንነው። ሌላው ግማሽ ግን የደሴ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፣ ራሳቸው መሣሪያ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ተኩሰዋል፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ሳይቀር ተመትቷል። ሚያዝያ ላይ ጣሊያን ደሴ ገባ። ከዚያ ወዲህ ያለፉት ትውልዶች ፒያሳ ብለው ሲጠሩ፣ የኮምቦልቻን ጠመዝማዛ ሲወርዱ፣ ያንን ዘመን ሳያስቡት ይረግጡታል። ታዲያ ያንን ሰው አንድ የእንጨት ልጅ ሲያዋርደው አይቶ ያላጨበጨበ የደሴ ልጅ ነበር የሚያሳስበኝ።

ይህ ለእርስዎ ትልቅ ዕድል ነው። ሮም ወይም ኒውዮርክ ያለ ተመልካች ይህን ትዕይንት እንደ ፖለቲካ ቀልድ ነው የሚያየው። የእርስዎ ተማሪ ግን ካርሎ የሞተበትን ቦምብ አይቶ የራሱን ከተማ ሊያነሳ ይችላል። ፊልሙ ውስጥ ያ ቦምብ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ የወደቀው ታልሞ አይደለም፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ ጣቢያቸው የሚመለሱ አውሮፕላኖች ሸክማቸውን ሊያቃልሉ የጣሉት ነው። ደሴ ላይ የወደቀው ግን ታልሞ ነው። ለስምንተኛ ክፍል የታሪክ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይገኛል?

እዚሁ ላይ ግን ስለ ትንንሾቹ አንድ ነገር ላሳስብዎ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ከየቤታቸው የተሰደዱ፣ ከባድ መሣሪያ የሰሙ ልጆች አሁን ትምህርት ቤትዎ ውስጥ ናቸው። ያኔ አፋቸውን የፈቱ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ፊደል ቆጥረው መጽሐፍ ያነባሉ። ትዝታው በቃል ላይኖራቸው ይችላል፤ ጆሯቸው ግን ያውቀዋል። የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲመጣ ጆሮውን የያዘ፣ ወደ በሩ ያየ፣ ሽንት ቤት ልሂድ ያለ ልጅ ነበር? ከነበረ፣ ያ ልጅ ከሚያለቅሰው ይልቅ ትኩረት ይፈልጋል። የሚያለቅስ ልጅ ቢያንስ እያወጣው ነው።

የሁለቱን ወላጆች ቅሬታ ከልጆቹ ፍርሃት ጋር አይደባልቁት። ወሎ ሆኖ አንዱ ከመስጊድ ሌላዋ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በሁለት ምክንያት መከፋታቸው ራሱ ፈገግ ያሰኘኛል። ጉዳዩ ግን ቀልድ አይደለም። አባትየው ያዩት በግዑዝ እንጨት ላይ ነፍስ የምትዘራ መንፈስ ነው፤ በእምነታቸው ይህ ልብ ወለድ ቢሆንም የሚከብድ ነው። ልጃቸውን ይዘው መውጣታቸው መብታቸው ነው፤ በሩ ክፍት መሆኑም የእርስዎ ጨዋነት ነው። እናትየውን ያስከፋው ደግሞ ፒኖኪዮ በቤተ ክርስቲያን የተሰቀለውን የክርስቶስ ምስል አይቶ፣ እሱም ከእንጨት ነው፣ ሰው ሁሉ እሱን ወዶ እኔን ለምን ይጠላኛል ብሎ የሚጠይቅበት ነው። ካቶሊክ አገር ላደገ ሰው በእንጨት የተቀረጸ ስቅለት የየዕለት ዕይታ ነው፤ ምስሉን የጠረበው ጄፔቶ ራሱ መሆኑም ጥያቄውን የሕፃን የዋህነት ያደርገዋል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግን ስቅለት የሚታየው በሥዕል ነው፤ የተጠረበ ምስል እንግዳ ነው፣ አጠገቡ አሻንጉሊት ሲቆም ደግሞ ንጽጽሩ ድፍረት ይመስላል። እናትየው ፊልሙን በስህተት አልተረዱም፤ ከቆሙበት ቦታ የሚታየው ያ ነው። ለሁለቱም አስቀድመው ቢነግሯቸው ኖሮ አባትየው ምናልባት ያኔም ባልመጡ፤ እናትየው ግን ቆይተው ባዩ ይመስለኛል። ለወላጅ በሚላከው ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ይበቃል፦ በታሪኩ ውስጥ ለእንጨት ነፍስ የሚሰጥ መንፈስ አለ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚካሄድ ትዕይንትም አለ።

ሲደግሙት እንዲህ ቢያደርጉት እላለሁ። ከአምስተኛ ክፍል በታች ያሉትን አያስገቡ፤ ታናሽ ወንድሜን ይዤ ካልመጣሁ የሚል ይኖራል፣ ጨክነው ይመልሱት። ከመጀመርዎ በፊት ቆመው ታሪኩን በአምስት ደቂቃ ይንገሯቸው፤ ማን እንደሚሞት ጭምር። «ይበላሽብናል» የሚል አይጠፋም፤ አይበላሽም። ልጅ ያወቀውን ተረት መልሶ መልሶ ነው የሚጠይቀው፣ ድንጋጤውን ሲያጣ ነገሩን ማየት ይጀምራል። የቦምቡ ትዕይንት ከመድረሱ በፊት ድምፁን ግማሽ ድረስ ዝቅ ያድርጉ፣ «አሁን አውሮፕላን ይመጣል» ይበሉ። መብራቱን ሙሉ በሙሉ አያጥፉ፤ በሩ አጠገብ አንድ አምፖል ይብራ፣ ልጅ ወጥቶ መመለስ ይችል።

ጄፔቶ ልጁን የሚቆጣበት ላይ ደግሞ ያቁሙት። እውነቴን ነው፣ ማሽኑን ያቁሙት። ቆሎ ያዙሩ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ይህ ሰውዬ ለምን እንዲህ ያለ ይመስላችኋል?» ብዙ አይናገሩ። ልጆቹ ራሳቸው «ልጁ ስለሞተበት ነው» እስኪሉ ይጠብቁ፤ አንዱ ማለቱ አይቀርም። ካላለ እርስዎ ይበሉ። አባትየው በኋላ ልጁን ሊፈልግ ወጥቶ እንደሚሄድም ይንገሯቸውና ይቀጥሉ። ይህን ማድረግ ፊልሙን ማበላሸት ነው የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፤ ሲኒማ ቤት ውስጥ ቢሆን እስማማ ነበር፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ግን አልስማማም።

በዚህ ፊልም መጨረሻ ላይ ጄፔቶም፣ እዚህ በሕይወት ያለው መካሪው ፌንጣም፣ የትርኢት ነጋዴው ዝንጀሮም በየተራ ያረጃሉ፣ ይሞታሉ፤ ፒኖኪዮ ብቻውን ይሄዳል፤ ሥጋ ለባሽ ልጅም አይሆንም። በ1940ው ፍጻሜ ያደጉ አዋቂዎች የሚበሳጩት እዚህ ላይ ነው። ልጆች ግን በአብዛኛው አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ነው የሚያነሱት፦ «ታዲያ አሁን ከማን ጋር ይኖራል?» ይህን ጥያቄ እርስዎ አይመልሱት፤ እነሱኑ መልሰው ይጠይቋቸው። እንደ ጨረሱ አዋቂ ከመናገሩ በፊት ልጆቹ ይናገሩ፤ ወላጅ ቀድሞ «መጥፎ ነው» ወይም «ግሩም ነው» ካለ ከዚያ በኋላ የልጁን ስሜት አያገኙትም።

ርዕሰ መምህሩን በተመለከተ፣ አይከራከሯቸው። ሙሉውን ፊልም እዩ ቢሏቸው ጊዜ የለኝም ይላሉ፤ የሙሶሊኒውን ትዕይንትና የጄፔቶን ቁጣ ብቻ መርጠው በስልክዎ ያሳዩዋቸው፣ የወላጅ ወረቀቱንና የዕድሜ ገደቡን አብረው ያቅርቡ። የታሪክ መምህሩም አብሮዎት ቢገባ ጥሩ ነው፤ ጥያቄው ያኔ ከመዝናኛ ወደ ትምህርት ይዞራል። ከፈቀዱም ሰዓቱን ይቀይሩት፦ ማታ አይሁን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምሩ። ልጆቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ኳስ የሚጫወቱበት፣ ገበያ የሚላኩበት፣ ከታናናሾቻቸው ጋር የሚጣሉበት ሙሉ ከሰዓት ይቀራቸዋል፤ ካዩት ነገር በቀጥታ ወደ አልጋ አይሄዱም።